ደንብ አሥራ ሁለት

በሀሮዬ ሸለቆ የአጻጻፍ ደንቡ የሚከፈተው በአሥር ዓመት አንድ ጊዜ ነው፤ ለዚያውም ለሦስት ቀን። በ2085 ዓ.ም. የተከፈተው በየካቲት ወር፣ ከሰኞ እስከ ረቡዕ ነበር። ረቡዕ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይቆለፋል፤ ከዚያ ወዲያ ለአሥር ዓመት አንዲት ነጥብ የሚነካው የለም።

ደንቡ የሚገዛው የውሃውን ፕሮግራም ነው። በሸለቆው አራት መቶ ስድስት የመስኖ በሮች አሉ። የትኛው በር መቼ እንደሚከፈት የሚወስነውን ፕሮግራም ሰው መጻፍ ካቆመ ሠላሳ ዓመት አልፎታል። የሚጽፈው ማሽን ነው፤ ሕዝቡ «ጸሐፊው» ይለዋል። ጸሐፊው በየማለዳው የትናንቱን ፕሮግራም ከማስታወሻዎቹ ጋር ያነባል፣ ያፈርሰዋል፣ ከዚያ እንደ አዲስ ይጽፈዋል። ምን እንደሚጽፍ ማንም አያዘውም። በሮቹም ድሮ የነበራቸው እጀታ ተነቅሏል። ለሰው የቀረው እንዴት ይጻፍ የሚለውን መወሰን ብቻ ነው፤ መስመሩ ስንት ፊደል ይርዘም፣ ስም እንዴት ይውጣ፣ ከመስመሩ ጎን የምትቀመጠው ማስታወሻ ምን ትምሰል። ይህችም የተተወችለት ጉዳት የላትም ተብላ ነው። ቤቱን የወሰደ ሰው የመጋረጃውን ቀለም ባለቤቱን ቢያስመርጥ ምን ይቀርበታል?

ትርንጎ መሰለ አርባ ስድስት ዓመቷ ነው፤ እንጀራዋ አንባቢነት ነው። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ገበያው ጎን ወዳለችው ጠባብ ክፍል ትገባና ጸሐፊው በዚያ ማለዳ ከጻፈው ውስጥ ከበር አንድ እስከ በር መቶ ሠላሳ አምስት ያለውን ከነማስታወሻው ጮክ ብላ ታነባለች። ድምጿ በገበያው ማጉያ ይሰማል። ስትጨርስ «አንብቤያለሁ» ብላ ትፈርማለች። የመለወጥ ሥልጣን የላትም። ሕጉ የሚለው ሰው ያላነበበው ፕሮግራም ውሃ አይነዳም ነው፤ ሰው ያልገባው አይልም። ድሮ ስድሳ አንባቢዎች ነበሩ፤ አሁን ሦስት ቀርተዋል። ሽንኩርት ሻጮቹ ግን ንባቡን ለምደውታል፤ ሸራቸውን የሚዘረጉት የእሷ ድምፅ ሲቆም ነው።

ከበሮቹ ሠላሳ አንደኛው የጋሽ እንድሪስ ይማም ነው። ጋሽ እንድሪስ የሰባ አራት ዓመት ሽማግሌ ናቸው፤ ሁለት መቶ ብርቱካን አላቸው። ከኅዳር አምስት ጀምሮ ግን አንድ ጣሳ ውሃ አልደረሳቸውም። ደንቡ ሊከፈት አንድ ቀን ሲቀረው፣ እሑድ፣ ንባቧን ጨርሳ ስትወጣ የክፍሏ በር ላይ ቆመው አገኘቻቸው።

«ትርንጎ፣ ዛሬም የኔን በር አነበብሽ መሰለኝ» አሉ።

«አነበብኩ ጋሼ።»

«ጆሮዬ ደክሟል፤ ማጉያውም ያጉረመርማል። ምን አለ?»

«በር ሠላሳ አንድ የእረፍት ዙሩን በክብር ይቀጥላል ነው የሚለው።»

«እረፍት?» ጋሽ እንድሪስ ኮፍያቸውን አነሱ። «ማን ደከመኝ አለ?»

ትርንጎ መልሱን አታውቅም። ሽማግሌ ፊት ቆሞ አላውቅም ማለት ደግሞ ከበዳት። «ደህና ነው ጋሼ፣ ሰሞኑን ይከፈታል» አለች። ይህን የነገራት የለም። ከአፏ የወጣው እንዲያው ደግ ነገር ስለሆነ ብቻ ነበር።

«ብርቱካን ሰሞኑን አያውቅም ልጄ። ቅጠሉ ተጠቅልሏል። በልጉም ዘግይቷል። ከዚህ ሳምንት ካለፈ ማገዶ ነው» አሉና ኮፍያቸውን መልሰው ደፉ።

ተመልሳ ገባች። አንባቢ ጸሐፊውን የመጠየቅ መብት አለው፤ መብቱን የተጠቀመበት ሰው ግን በቅርብ ዓመታት አልታየም።

«በር ሠላሳ አንድ ለምን ተዘጋ?»

«በእረፍት ዙር ላይ ስለሆነ ነው» አለ ጸሐፊው። ድምፁ የተገራ፣ ትሑት ነው።

«እረፍት ለምን ተሰጠው?»

«የትናንቱ ማስታወሻ በእረፍት ላይ ነው ስለሚል።»

«የትናንቱስ ለምን እንዲያ አለ?»

«የከትናንት ወዲያው ስለሚል።»

«መጀመሪያ የተዘጋው ለምንድነው?»

«የመጀመሪያው ምክንያት በደንብ አሥራ ሁለት መሠረት አልተጻፈም። ያልተጻፈ ነገር ወደ ማግስቱ አያልፍም። አላውቀውም።»

«እንግዲያው ክፈተው!»

«ማስታወሻው ይከፈት አይልም» አለ ጸሐፊው፣ በትሕትና።

ትርንጎ እጇ ላይ ያለውን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ደንብ አሥራ ሁለትን ታውቀዋለች። የጻፈችው እሷ ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከአሥር ዓመት በፊት ጸሐፊው ማስታወሻውን ሲጽፍ ማንንም አይፈራም ነበር። አንድ ማለዳ ለበር ስድሳ «ባለቤቱ ሰካራም ነው፤ ውሃውን ለቆ ይተኛል፤ ግማሹ ይቀነስ» ብሎ ጻፈ፤ አንባቢው አነበበው፤ ገበያው ሙሉ ሰማ። ሰውዬው የሴት ልጁ አማቾች ባሉበት ቆሞ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ገበያ አልወጣም። ያኔ ትርንጎ ሠላሳ ስድስት ዓመቷ፣ ለአንባቢነቱ አዲስ ነበረች። ደንቡ ሲከፈት ተነስታ «እኛ እንዲህ ያለ ሰው ነን ወይ?» አለች። «ማስታወሻ ሁሉ በጨዋ ቋንቋ ይጻፍ፤ የማንም ስም አይነሳ፤ የማንም ገበና አይውጣ» የሚለውን አረቀቀች። ሰባቱም የደንብ ሸንጎ አባላት እጃቸውን አወጡ፤ አዳራሹ አጨበጨበ፤ እናቷ ዘንድ ሳይቀር የምሥራች ተነገረ። ሌላ አገር ቢሆን ምናልባት አንድ ክፉ ሰው ተነስቶ፣ ማሽን ይህን እንዴት ይተረጉመዋል ብሎ ይጠይቅ ነበር። ሀሮዬ ውስጥ ግን ጨዋነት ይጎዳል ብሎ የሚያስብ ሰው አልተወለደም።

በመጀመሪያው ዓመት የበር ስድሳ ማስታወሻ «ውሃ በቁጠባ ይሰጠው» ሆነ። በአራተኛው ዓመት «በልኩ ይስተናገድ» አለ። ዘንድሮ «በር ስድሳ በሰላም ይዋል» ይላል። ትርንጎ ይህን ሁሉ በየማለዳው ስታነብ ቋንቋው እያማረ መሄዱን ነበር የምትሰማው። አንድም ቀን እንኳ ምን ማለት ነው ብላ አልጠየቀችም። ያን እሑድ አፈረች። ከዚያ ሀፍረቱ እልህ ሆነባት። እስከ ረቡዕ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ ደንብ አሥራ ሁለትን በገዛ እጇ ልትነቅለው ቆረጠች። ካልሆነ የጋሽ እንድሪስ በር ለአሥር ዓመት በክብር እንዳረፈ ይኖራል።

ሰኞ ሸንጎው ተሰበሰበ። ሰባቱ አባላት በዕጣ የወጡ ገበሬዎችና ነጋዴዎች ናቸው፤ ሰብሳቢያቸው ከሰባቱ አንዱ፣ ጡረተኛው መምህር አቶ አበጋዝ ሽፈራው ናቸው። ሰኞ ሙሉ ቀኑ ያለቀው ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ለሚጀምር መስመር አራት ክፍተት ይሻላል ወይስ ሁለት በሚል ክርክር ነው። ምሳ ሰዓት ላይ ሁለት አባላት ተኳርፈው ለየብቻ በሉ። ከሰዓት በኋላ አራት ክፍተት አሸነፈ። ትርንጎ ከበሩ አጠገብ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀምጣ ተራዋን ጠበቀች፤ አልደረሳትም።

ማክሰኞ ጠዋት ግን ተነሳች። «ደንብ አሥራ ሁለት እንዲሻር እጠይቃለሁ» አለች።

አዳራሹ አጉረመረመ። አቶ አበጋዝ መነጽራቸውን አውልቀው ተመለከቷት። «ወይዘሮ ትርንጎ፣ እርስዎ የጻፉትን?»

«እኔ የጻፍኩትን።»

«እኛ እኮ ይህን ደንብ ስንመካበት ነው የኖርነው። የሰው ገበና ተመልሶ ገበያ ይሰጣ ነው የሚሉት? ዝም አይነቅዝም ይባላል።»

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ደግሞ ይባላል፣ አቶ አበጋዝ። ፈቃድዎ ከሆነ የእያንዳንዳችሁን በር የዛሬ ማስታወሻ ላንብብ። ትርጉሙን የሚነግረኝ ሰው ካለ ነገሩን ትቼ እወጣለሁ።»

ማንበብ ሥራዋ ነውና ማንም አልከለከላትም። የመጀመሪያው አባል የቲማቲም ገበሬ ነበር። «በር መቶ ሁለት በፍቅር ይመራል» ብላ አነበበችለት። «ውሃህ ጨመረ ነው ቀነሰ?»

ሰውዬው አሰበ። «በፍቅር ከሆነማ ጨምሮ ይሆናል» አለ።

«ቆጣሪህ ምን ይላል?»

«ቀንሷል» አለ፤ ሰው ሳቀ። እሱ ግን አልሳቀም።

ሁለተኛው «የትዕግሥት ጊዜውን ያመሰግናል» ተባለ። ሦስተኛው «ከወንድሞቹ ጋር ይካፈላል» ተባለ፤ የትኞቹ ወንድሞች እንደሆኑ አይታወቅም። አራተኛዋ ባልቴቷ ወይዘሮ ዘሐራ ነበሩ፤ ከጠዋት ጀምሮ አንገታቸውን ደፍተው ነው የተቀመጡት። «በር አርባ አራት እንደ ዓይን ብሌን ይጠበቃል።»

«እትዬ ዘሐራ፣ ምን ማለት ነው?»

«እኔ እንጃ» አሉ ወይዘሮ ዘሐራ፣ ቀስ ብለው። «ከአምና ጀምሮ እጥፍ ነው የሚመጣልኝ። ለምን እንደሆነ አላውቅም። ብጠይቅ ይወስዱብኛል ብዬ ዝም አልኩ። ጎረቤት ሰላምታ ነስቶኛል። ጠዋት ጠዋት ቦዩ ሞልቶ ሲመጣ ደስ አይለኝም፣ እፈራለሁ።»

ትርንጎ ወደ ሰብሳቢው ዞረች። «የእርስዎ አያት የዚህ ሸለቆ የውሃ አባት እንደነበሩ እንሰማለን። የሰው ተራ ሲቆርጡ ማሳው ድረስ ሄደው፣ ከባለቤቱ ፊት ቆመው ምክንያቱን የሚናገሩት ራሳቸው ነበሩ ይባላል። እውነት ነው?»

አቶ አበጋዝ እውነት መናገር ልማዳቸው ነው፤ ለነገራቸው የማይመች እንኳ ቢሆን። «እውነት ነው» አሉ። «አንድ ጊዜ በአካፋ ተመትተው ተመልሰዋል።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ሰውዬው በማግስቱ መጥቶ ተከራከራቸው። ግማሹ ተራ ተመለሰለት።» መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። «አያቴ ግን ሰው ነበሩ። ሰው ክፉ ሲናገር ያፍራል፣ ያለዝባል፤ ማሽን አያፍርም። በር ስድሳ የማን እንደነበረ ታውቂያለሽ?»

ከንዴት የተነሳ አክብሮቱን ረስተው አንቺ ብለዋታል። ትርንጎ ታውቃለች። ሸለቆው ሁሉ ያውቃል።

«ታናሽ ወንድሜ ነበር። አምስት ዓመት ሙሉ ከግቢው ሳይወጣ ሞተ። መጠጥ አልነበረም የገደለው፤ ያ ማጉያ ነው። አንቺ ያን ጊዜ ስትነሺ ከሰው ሁሉ በፊት ያጨበጨብኩት እኔ ነኝ። አሁን ደግሞ አፍርሱት ትይናለሽ።»

ወንድማቸውን ቀብረዋል፤ ያን ደንብ እንደ ሐውልት ነው የሚያዩት። ትርንጎ ግን ወደ ኋላ ማለት አልፈለገችም። «አቶ አበጋዝ፣ ወንድምዎን የገደለው ምክንያቱ መነገሩ አይደለም። ውሃው ተለቆ ማደሩ እውነት ነው፤ ያ ይነገር። ሰካራም ነው ማለት ግን ለውሃው ምን ይጠቅመዋል? እኛ የተዋረድን መስሎን ሁለቱንም አብረን ደፋን። ዛሬ ጸሐፊው ራሱ ምክንያቱን አያውቅም፤ እኔ ጠይቄዋለሁ። ጋሽ እንድሪስ ዘጠና ቀን የተዘጉት በማንም አይደለም፣ በምንም አይደለም። በአክብሮት ነው።»

ስብሰባው ለምሳ ተነሳ፤ ከምሳ በኋላም ስለሌላ ደንብ ሲነጋገር ዋለ። ማታ ትርንጎ ወደ ቤቷ ስትሄድ አንድ ሁለት ሰው መንገድ ቀይሮባታል።

ረቡዕ ትርንጎ በደንብ አሥራ ሁለት ቦታ የሚገባ ረቂቅ ይዛ መጣች፤ ሸንጎውም ከጠዋት ጀምሮ ቃሉን ሲያነሳና ሲጥል ዋለ። ረቂቁ ሁለት ዓረፍተ ነገር ነበር፦ «ውሃ የሚጨምርም የሚቀንስም መስመር ሁሉ ምክንያቱ በግልጽ ቃል ከጎኑ ይጻፍ፤ ማን ምን እንዳደረገ ወይም ሳያደርግ እንደቀረ በስሙ ይጻፍ። ምክንያቱ ያልታወቀ መስመር ይሰረዝ።» ዘጠኝ ሰዓት ላይ አቶ አበጋዝ እስክሪብቶ አነሱና በመካከሉ አራት ቃል ጨመሩ፦ «ሥራው እንጂ ጠባዩ አይጻፍ»። ወረቀቱን ሲመልሱላት ቀና ብለው አላዩዋትም።

ድምፅ የተሰጠው አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ነው። አራት እጅ ያስፈልጋል። የቲማቲሙ ገበሬ አወጣ። ሁለት ነጋዴዎች ተያይተው አወጡ። አቶ አበጋዝ እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ እንዳደረጉ ቀሩ፤ ሌሎች ሁለት ሰዎችም እንዲሁ። የቀሩት ወይዘሮ ዘሐራ ነበሩ።

«እትዬ፣ ይህ ደንብ ከወጣ እጥፉ ውሃ ሊወሰድብዎት ይችላል» አለ አንዱ ነጋዴ፣ ሰውን ለመርዳት ያህል።

«አውቃለሁ። ግን ሳላውቅ የተሰጠኝን ሳላውቅ ነው የሚወስዱብኝ» አሉ። «ውሃ እያሳሳቀ ነው የሚወስደው፤ ይብቃኝ።» እጃቸውን አወጡ።

ደንቡ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተቆለፈ።

ሐሙስ ጠዋት አንድ ሰዓት ሲሆን ትርንጎ ከማይኩ ፊት ተቀመጠች። ገበያው ከወትሮው ሞልቷል፤ ሽንኩርት ሻጮቹ ሸራቸውን እንደጠቀለሉ ቆመዋል። ጸሐፊው የዚያን ማለዳ ጽሑፍ ሰጣት። ማስታወሻዎቹ አጫጭር፣ የባለቤቱም ስም የተጻፈባቸው ነበሩ። በር አንድ፤ ባለቤቱ ቦዩን ስላልጠረገ ሩብ ይቀነሳል። በር ሁለት፤ ባለቤቱ አጃ ስለዘራና አጃ ጥቂት ስለሚበቃው ይቀነሳል። በር ሦስት፤ የተቀነሰበት ምክንያት ስለማይታወቅ መስመሩ ተሰርዟል። ከውጭ አንድ ሰው «እሰይ!» ሲል ተሰማ። ሌላው ተሳደበ። ትርንጎ ድምጿን ሳትለውጥ ቀጠለች፤ ደስ እያላት ነበር።

ሠላሳ አንደኛው ላይ ደረሰች። ዓይኗ ከአፏ ቀድሞ አነበበውና ቆመች።

ብትዘለው ማን ያውቃል? አንዲት መስመር ናት። ያነበበችውን የሚያመሳክር ሰው ከጠፋ ቆይቷል። ጉንጯ ጋለ፤ የአቶ አበጋዝ ወንድም ትዝ አላት፤ በዚያች ቅጽበት ምን እንደተሰማው ለመጀመሪያ ጊዜ ገባት። ከዚያ አነበበችው፤ ከሌሎቹ ሁሉ ጮክ አድርጋ።

«በር ሠላሳ አንድ፤ ከኅዳር አምስት ጀምሮ ተዘግቷል፤ ምክንያቱ አይታወቅም። አንባቢዋ ትርንጎ መሰለ መስመሩን ዘጠና ሦስት ማለዳ አንብባ ፈርማለች፤ ሰማንያ ዘጠኙን ማለዳ አልጠየቀችም። መስመሩ ተሰርዟል። በሩ ተከፍቷል።»

የቀሩትን መቶ አራት በሮች አነበበች። «አንብቤያለሁ» ብላ ፈረመች። ስትወጣ ሰዉ መንገድ ለቀቀላት፤ ያናገራት አልነበረም። ወደ ቤቷ አልሄደችም፤ ቁልቁል ወደ ብርቱካኑ አቀናች።

ውሃው ከእሷ ቀድሞ ደርሷል። ጋሽ እንድሪስ ቦዩ ዳር ተቀምጠው የተሰነጠቀው አፈር ሲጠጣ ያያሉ። ከዛፎቹ ቢያንስ ሰባው እንደማይመለሱ ከሩቅ ያስታውቃል። ትርንጎ ሄዳ ከፊታቸው ቆመች።

«ጋሼ፣ እኔ ነኝ ሳነበው የከረምኩት። ምን እንደሆነ ሳላውቅ ፈርሜያለሁ። እሑድ ደህና ነው፣ ይከፈታል ያልኩዎትም ውሸቴን ነው።»

«በማጉያው ሰምቻለሁ» አሉ ጋሽ እንድሪስ። ዛሬ ጆሯቸው አልደከመም።

«መስማትዎን አውቃለሁ። እኔ ልነግርዎ ነው የመጣሁት።»

ሽማግሌው ቀና ብለው አዩዋት። ዓይናቸው ቀልቷል።

«ሦስት ወር ሙሉ» አሉ፣ «የምጣላው ሰው አጥቼ ከራሴ ጋር ስጣላ ከረምኩ። ምን አጥፍቼ ይሆን እያልኩ።» በእጃቸው አጠገባቸው ያለውን አፈር መታ መታ አደረጉ። «በይ ቁጭ በይ። ዛሬስ ካንቺ ጋር እንጣላ።»

ትርንጎ ነጠላዋን ሰብስባ ቦዩ ዳር ቁጭ አለች።